ድራይቨሩ ያልጠረጋቸው አሥራ ስምንት ባይቶች

አንድ መምህር ክፍል ገብቶ፣ ከእርሱ በፊት ያስተማረው መምህር በጥቁር ሰሌዳው ላይ የተወውን ጽሑፍ ሳያጠፋ ግራ ጥግ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ እንበል። ከዚያም ሰሌዳውን በሙሉ ፎቶግራፍ አንስቶ ለተማሪዎቹ አደለ። ተማሪዎቹ የሚፈልጉት ሁለቱን መስመር ነው። ነገር ግን ፎቶግራፉን ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው የቀደመው መምህር ጽሑፍ፣ ምናልባትም የሌላ ክፍል የፈተና መልስ፣ አብሮ ይታየዋል። መምህሩ የሰረቀው ወይም ለማንም አሳልፎ የሰጠው ነገር የለም። ጥፋቱ ዳስተሩን አለማንሳቱ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኦፊር አርኪን እና ጆሽ አንደርሰን የተባሉ፣ አትስቴክ በሚባል የአሜሪካ የኮምፒዩተር ደህንነት ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ባለሙያዎች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በብዙ የኔትወርክ ካርዶች ድራይቨር ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ሪፖርት አወጡ። ክፍተቱን «ኢተርሊክ» ብለው ሰየሙት፤ ከኢተርኔት የሚያፈስ እንደ ማለት ነው። ሲ.ቪ.ኢ. በተባለው ዓለም አቀፍ የደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ላይም የ2003 የመጀመሪያውን ቁጥር፣ 2003-0001ን፣ አገኘ። ኮምፒዩተሮች በኔትወርክ ላይ አጫጭር መልእክት በላኩ ቁጥር፣ ከመልእክቱ ጀርባ ከራሳቸው ማህደረ ትውስታ የተቆረሱ ቁርጥራጮችን አብረው ይልኩ ነበር። የላኪው ኮምፒዩተር ባለቤት አያውቅም፤ መልእክቱ የደረሰው ኮምፒዩተርም ትርፉን ቆርጦ ይጥለዋል። በመካከል ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ግን ያነበዋል።

የፊዚክስ መምህር በድራይቨር ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሴ አጭር ነው፤ የዚህ ክፍተት ሥር ያለው በመዳብ ሽቦ ውስጥ በሚጓዝ የኤሌክትሪክ ምልክት ፍጥነት ላይ ነው። እንዲያውም ስለ ሞገድ ሳስተምር ከማነሳቸው ምሳሌዎች ይህን የሚያህል ተማሪ የሚያነቃ አላገኘሁም።

ስድሳ አራት ባይት ከየት መጣ?

ኢተርኔት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማእከል ነው። ሮበርት ሜትካፍ ከባልደረባው ዴቪድ ቦግስ ጋር የሠራው የመጀመሪያው ሥርዓት አንድ ወፍራም ኬብል ዘርግቶ ኮምፒዩተሮቹን ሁሉ በእርሱ ላይ የሚያገናኝ ነበር። ኬብሉ የጋራ ስለሆነ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ስለዚህ መላክ የፈለገ አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ኬብሉ ጸጥ ካለ መላክ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ሁለት ኮምፒዩተሮች ጸጥታውን በአንድ ቅጽበት ሰምተው በአንድ ጊዜ መላክ ሊጀምሩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ምልክቶቹ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም መልእክቶች ይበላሻሉ። ግጭቱን የሰማ ላኪ መላኩን ያቆማል፣ ጥቂት ጊዜም ጠብቆ እንደገና ይሞክራል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ላኪው ግጭት መኖሩን በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ይሰማል የሚለው ነው። በኬብል ውስጥ ምልክት በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 200 ሜትር ማለት ነው። በአሥር ሜጋቢት ፍጥነት በሚሠራው ኢተርኔት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በጸደቀው 802.3 በተባለው ደረጃ መሠረት፣ በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል የሚፈቀደው ከፍተኛ ርቀት 2,500 ሜትር ነበር። ስለዚህ ምልክቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ 12.5 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። በሌላኛው ጫፍ ያለው ኮምፒዩተር ምልክቱ ሊደርስበት አንድ አፍታ ሲቀረው መላክ ቢጀምር፣ የግጭቱ ወሬ ወደ መጀመሪያው ላኪ ለመመለስ ሌላ 12.5 ማይክሮ ሰከንድ ያስፈልገዋል። በመንገድ ላይ ያሉት ምልክት ደጋሚ መሣሪያዎች የሚያዘገዩትና ካርዱ ግጭቱን ለይቶ ለማወቅ የሚፈጅበት ጊዜ ተጨምሮ፣ መጠባበቂያም ተይዞለት፣ ጠቅላላው 51.2 ማይክሮ ሰከንድ እንዲሆን ተወሰነ። በሰከንድ አሥር ሚሊዮን ቢት በሚልክ ካርድ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚላከው 512 ቢት፣ ማለትም 64 ባይት ነው።

ከ64 ባይት ያነሰ ፓኬት ቢላክ ምን ይከተላል? 46 ባይት ያለው ፓኬት በ36.8 ማይክሮ ሰከንድ ተልኮ ያልቃል። ላኪው ጨርሻለሁ ብሎ ጆሮውን ከመለሰ በኋላ የግጭቱ ወሬ ይደርሳል፤ እርሱ ግን መልእክቱ በሰላም እንደ ደረሰ ቆጥሮ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ይህ እንዳይሆን ማንኛውም የኢተርኔት ፓኬት ከ64 ባይት እንዳያንስ ደንብ ወጣ። ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ የራስጌ ናቸው፤ የተቀባዩንና የላኪውን አድራሻ እንዲሁም የመልእክቱን ዓይነት ይይዛሉ። የመጨረሻዎቹ 4 ባይቶች ስህተት መፈተሻ ናቸው። ለመልእክቱ ቢያንስ 46 ባይት ይቀራል ማለት ነው። መልእክቱ ከዚያ ካነሰ ቀሪው ቦታ በማሟያ ባይት ይሞላል።

ይህን ዝቅተኛ ልክ የማይሞሉ መልእክቶች ደግሞ እጅግ ብዙ ናቸው። «ይህ የኢንተርኔት አድራሻ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የኤ.አር.ፒ. መልእክት 28 ባይት ብቻ ነው፤ 18 ባይት ይጎድለዋል። «አለህ ወይ?» የሚለው ፒንግ ያለ ተጨማሪ ዳታ ሲላክ እንዲሁ 28 ባይት ነው። «የላክኸው ደርሶኛል» የሚለው ባዶ የቲ.ሲ.ፒ. ማረጋገጫ 40 ባይት ነው፤ 6 ይጎድለዋል።

ዛሬ ኮምፒዩተሮችን የሚያገናኘው ስዊች ሲሆን፣ መላኪያውና መቀበያው መንገድ ስለተለያየ ግጭት የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው የአሥር ጊጋቢት ኢተርኔት ደረጃ ግጭት የመለየትን ሥርዓት ጨርሶ ትቶታል። የ64 ባይት ደንብ ግን አሁንም አለ። የወፍራሙ ኬብል ርዝመት የወለደው ቁጥር ኬብሉ ከጠፋም በኋላ ይኖራል።

ማን ይጥረገው?

ማሟያው በምን ይሞላ የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የቀረ አልነበረም። የኢንተርኔት ፓኬቶች በኢተርኔት ላይ እንዴት እንደሚጓዙ የሚደነግጉት ሰነዶች፣ አንደኛው የ1984 ሌላው የ1988፣ ማሟያው ዜሮ እንዲሆን ይናገራሉ። ችግሩ ዜሮዎቹን የሚጽፈው ማን እንደሆነ በተግባር ሳይለይ መቅረቱ ነው።

በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ መልእክት ከላይ ወደ ታች በሦስት እጆች ያልፋል። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የኔትወርክ ክፍል መልእክቱን ያዘጋጃል፤ ይህ ክፍል ስለ ኢተርኔት ዝቅተኛ ልክ ማሰብ የእርሱ ሥራ እንዳልሆነ ይቆጥራል፤ ነገ መልእክቱ በሌላ ዓይነት መስመር ሊሄድ ይችላልና። ከዚያ ድራይቨሩ አለ፤ ድራይቨር ማለት አንድን ካርድ እንዴት ማዘዝ እንደሚቻል የሚያውቅ የፕሮግራም ክፍል ነው። በመጨረሻ ካርዱ ራሱ አለ። አንዳንድ ካርዶች አጭር ፓኬት ሲሰጣቸው ራሳቸው ዜሮ ጨምረው ይልካሉ። ሌሎች ግን የተሰጣቸውን እንዳለ ይልካሉ፤ ማሟላቱን ለድራይቨሩ ይተዋሉ።

ብዙ የሊነክስ ድራይቨሮች ይህን ግዴታ የተወጡት በአንዲት መስመር ነበር። የመስመሯ ትርጉም በአማርኛ ሲነገር «የፓኬቱ ርዝመት ከ60 ካነሰ ርዝመቱ 60 ነው በል» የሚል ነው። ስድሳ የሆነው አራቱን የስህተት መፈተሻ ባይቶች ካርዱ ራሱ ስለሚጨምር ነው። መስመሯ ስትታይ ትክክል ትመስላለች፤ ፓኬቱም በእርግጥ ደንቡን አሟልቶ ይሄዳል። ግን ልብ በሉ፤ የተለወጠው ርዝመቱን የሚናገረው ቁጥር እንጂ ይዘቱ አይደለም። ካርዱ ከተነገረው የማህደረ ትውስታ አድራሻ ተነሥቶ ስድሳ ባይት ይወስዳል። አርባ ሁለቱ መልእክቱ ናቸው። አሥራ ስምንቱ ግን በዚያ ሥፍራ አስቀድሞ የነበረ ማንኛውም ነገር ነው።

አርኪንና አንደርሰን የሚያፈሱትን ምንጮች በሦስት ከፍለው አሳይተዋል። አንደኛው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከርነል ማህደረ ትውስታ ነው። ድራይቨሩ ካርዱን ከመልእክቱ ማብቂያ አልፎ እንዲያነብ ሲያዝዘው በአጠገቡ ያለው ሁሉ አብሮ ይወጣል፤ ያ ምን እንደሆነ ማንም አስቀድሞ መናገር አይችልም። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ የከፋው ይህ ነው። ሁለተኛው ድራይቨሩ ራሱ መልእክቶችን የሚገለብጥበት ቋሚ ማቆያ ነው። ሦስተኛው በካርዱ ላይ ያለው ትንሽ ማህደረ ትውስታ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ የሚቀረው ቀደም ሲል የተላከ ፓኬት ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። በካርዱ ማቆያ ውስጥ መጀመሪያ አንድ የዲ.ኤን.ኤስ. ጥያቄ ተቀመጠ እንበል፤ ይህም ኮምፒዩተሩ የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ የሚጠይቅበት መልእክት ነው። የኢተርኔት ራስጌ 14፣ የአይ.ፒ. ራስጌ 20፣ የዩ.ዲ.ፒ. ራስጌ 8፣ በድምሩ 42 ባይት ይሆናል። ከ43ኛው ባይት ጀምሮ ያለው እንግዲህ የጥያቄው ይዘት ነው። ጥያቄው ከሄደ በኋላ በዚያው ማቆያ ላይ አንድ የኤ.አር.ፒ. መልስ ተጻፈበት። የኤ.አር.ፒ. መልስ ከራስጌው ጋር 14 ሲደመር 28፣ ይኸውም ልክ 42 ባይት ነው! ከ43ኛው እስከ 60ኛው ያለውን ማንም አልነካውም። ስለዚህ የዲ.ኤን.ኤስ. ጥያቄው የመጀመሪያዎቹ 18 ባይቶች በኤ.አር.ፒ. መልሱ ጀርባ ታዝለው ይወጣሉ። ከእነርሱ 12ቱ የጥያቄው ራስጌ ናቸው፤ ቀሪዎቹ 6 ደግሞ የተጠየቀውን ስም መጀመሪያ ይይዛሉ፤ አንድ ባይት ለቁጥር፣ አምስት ለፊደላት። አምስት ፊደል ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ባዶ ፒንግ አንድ ሺህ ጊዜ ቢልክ አንድ ሺህ መልስ ያገኛል፤ ይህም እስከ 18,000 ባይት ቁርጥራጭ ነው። የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር ይጓዝ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ሃያ ሰው በአንድ መስመር በሚጠቀምበት የኢንተርኔት ካፌ ወይም የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ ተራ ነገር አልነበረም። ዛሬ ብዙው መልእክት ተመስጥሮ ይጓዛል፤ በከርነሉ ማህደረ ትውስታ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ግን የተመሰጠረ አይደለም።

የጉዳቱን ድንበርም መናገር ተገቢ ነው። ማሟያው የኢተርኔት ጉዳይ ስለሆነ ፓኬቱ ራውተር ሲያልፍ ይቀራል። ስለዚህ አዳማጩ በዚያው መስመር ላይ መገኘት አለበት። ከዓለም ሌላ ጫፍ የተቀመጠ ሰው በዚህ ክፍተት በቀጥታ ሊጠቀም አይችልም።

ይህ ሁሉ እንዴት ለዓመታት ሳይታይ ቀረ? ተቀባዩ የአይ.ፒ. ራስጌ ላይ የተጻፈውን እውነተኛ ርዝመት ተመልክቶ ትርፉን ስለሚጥል የሚበላሽ ነገር የለም፤ የማይበላሽ ነገር ደግሞ አይመረመርም። ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ ይህን ጉዳይ አንብቤ በራሴ ኮምፒዩተር ልሞክረው ተነሣሁ። ፓኬት የሚቀርጸውን ፕሮግራም ከፍቼ ፒንግ ላክሁ፤ የወጣው ፓኬት 42 ባይት ነው ይላል። ማሟያ የለም። ደንቡ ተሽሮ ይሆን እያልኩ ግማሽ ቀን አባከንኩ። ነገሩ ቀላል ነበር። ቀራጩ ፕሮግራም የሚወጣውን ፓኬት የሚያየው ለድራይቨሩ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ማሟያው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሳሹ የሚታየው ከሌላኛው ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ድራይቨሩን የሚጽፈው ሰው በራሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መቼም አያየውም።

ጥገናው

«አሥራ ስምንት ዜሮ ጻፍ፤ በቃ» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ግን የት ላይ ይጻፍ? ከመልእክቱ ማብቂያ ቀጥሎ ያለው ሥፍራ የመልእክቱ ይሁን የሌላ ድራይቨሩ ሳያረጋግጥ አያውቅም። በሊነክስ ከርነል ውስጥ እያንዳንዱ ፓኬት የተመደበለት ማቆያ አለው፤ ከማቆያው ጫፍ ቀጥሎ ከርነሉ ስለዚያ ፓኬት የሚይዘው የራሱ መዝገብ ይቀመጣል። ማቆያው ልክ በመልእክቱ መጠን ከተመደበ፣ ሳይጠይቁ የተጻፉት ዜሮዎች በዚያ መዝገብ ላይ ያርፋሉ። ያን ጊዜ ምስጢር የሚያፈስ ድራይቨር ተጠገነ ተብሎ ኮምፒዩተሩን የሚጥል ድራይቨር ይሆናል። በዚያ ላይ አንዱን ፓኬት ሁለት የከርነሉ ክፍሎች በጋራ ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ የጋራ የሆነውን ንብረት አንዱ ብቻውን ሊለውጠው አይገባም።

ስለዚህ በ2003 የሊነክስ አበልጻጊዎች ሁሉም ድራይቨሮች የሚጠሩት አንድ የጋራ ተግባር ጻፉ። ተግባሩ በመጀመሪያ ርዝመቱን ያያል፤ ፓኬቱ በቂ ከሆነ ምንም ሳይነካ ይመልሰዋል። አብዛኛው ዳታ በረጃጅም ፓኬቶች ስለሚሄድ ለእነዚህ ዋጋው አንድ ማነጻጸር ብቻ ነው። አጭር ከሆነ ከኋላው ባዶ ሥፍራ መኖሩን ይመረምራል። ሥፍራው ካለና ፓኬቱም የጋራ ካልሆነ ዜሮዎቹን እዚያው ይጽፋል። አለበለዚያ ሰፋ ያለ ማቆያ ወስዶ፣ መልእክቱን ገልብጦ፣ ጭራውን በዜሮ ይሞላል። ማህደረ ትውስታ ካለቀ ፓኬቱን ራሱ አስወግዶ ባዶ መልስ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ጥቃቅን የሚመስሉ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ተግባሩ ሲሳነው ፓኬቱን አስቀድሞ ስላስወገደው ድራይቨሩ «አልተላከም፣ እንደገና ስጠኝ» ብሎ ለላይኛው ክፍል ሊመልስ አይገባም፤ የሚመለስ ፓኬት የለምና። ከናካቴው የሞተን ፓኬት ሁለተኛ ጊዜ ማስወገድ ራሱ ሌላ የደህንነት ክፍተት ነው። ሁለተኛው ወጥመድ፣ ተግባሩ ዜሮዎቹን ቢጽፍም የፓኬቱን የርዝመት ቁጥር አይለውጥም፤ ለካርዱ «ስድሳ ውሰድ» ብሎ መናገር አሁንም የድራይቨሩ ፋንታ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ሰዎችን ሲያሳስት በመኖሩ ይመስለኛል በ2014 ርዝመቱንም አብሮ የሚያስተካክል አዲስ ተግባር የተጨመረው።

የራሳቸው ቋሚ ማቆያ ላላቸው ድራይቨሮች ሥራው ይቀላል፤ መልእክቱን ከገለበጡ በኋላ እስከ ስድሳኛው ባይት ያለውን በዜሮ መሙላት ነው። በካርዱ ላይ ባለው ማህደረ ትውስታ የሚሠሩትም እንዲሁ ዜሮዎቹን ከመልእክቱ አስከትለው ወደ ካርዱ ይጽፋሉ።

ይህን ሁሉ በእያንዳንዱ ድራይቨር ከመድገም ለምን ከላይ በአንድ ቦታ አልተሠራም ብላችሁ ብትጠይቁ ትክክል ናችሁ። መከራከሪያው ራሳቸው የሚያሟሉ ካርዶች ያለ ፋይዳ ዋጋ እንዳይከፍሉ የሚል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ውጤቱ ማንኛውም አዲስ ድራይቨር ጻፊ ይህን ግዴታ ራሱ ማስታወስ አለበት የሚል ሆነ። ሰውም ይረሳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ጁኒፐር የተባለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች አንዳንድ ስዊቾቹ ማሟያውን በዜሮ ስለማይሞሉ የማህደረ ትውስታ ቁርጥራጭ እንደሚልኩ አስታውቆ ጥገና አወጣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ደግሞ ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ፣ መሥሪያ ቤቶችን ከሰርጎ ገቦች የሚከላከሉ መሣሪያዎችን የሚሠራው ኩባንያ፣ በበርካታ የፋየርዎል ሞዴሎቹ ላይ ይኸው ክፍተት እንዳለ ገለጸ። የአርኪንና የአንደርሰን ሪፖርት በወጣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ መሆኑ ነው።

ይህን ራሳችሁ መሞከር ለምትፈልጉ የሚያስፈልገው ሁለት የራሳችሁ ኮምፒዩተሮችና አንድ የኔትወርክ ኬብል ነው። በአንደኛው ላይ ዋየርሻርክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና ከሁለተኛው የሚመጣውን የኤ.አር.ፒ. መልእክት ያዙ። እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሙ፤ የምትመለከቱት በተቀባዩ ላይ ሆናችሁ ነው። ርዝመቱ 60 መሆን አለበት። ከአርባ ሁለተኛው ባይት ቀጥሎ አሥራ ስምንት ዜሮዎች ተሰልፈው ካያችሁ ድራይቨሩ ወይም ካርዱ ሥራውን ሠርቷል። ሌላ ነገር ካያችሁ በቀኝ በኩል ፊደላቱን አንብቧቸው፤ ከየት እንደ መጡ ታውቁ ይሆናል።